የሚልክያስ የጸሎት ርዕስ

የሒሳብ ሰው «ችግር» ሲል ሌላው የሚሰማው ሌላ ነገር መሆኑን ሚልክያስ ማወቅ ነበረበት። ጂንካ ላይ ሒሳብ ሲያስተምር ዓመታት ያስቆጠረ፣ ለተማሪ አንዱን ነገር በሦስት መንገድ የሚያስረዳ ሰው እንዴት ይህቺ ትጠፋዋለች? ጠፋችው እንግዲህ።

የእሱ ችግር የዶክትሬት ጥናቱ ነበር። ውሃ አለ እንበል፤ ውሃው ውስጥ ከዱቄት እጅግ የደቀቀ ብረት ተበትኗል፤ በብረቱ መሃል ዓይን የማያያቸው ሕያዋን ይዋኛሉ፤ ከሥር ደግሞ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚሽከረከር ሳህን አለ። ውሃው ወዴት ይፈሳል? ሙቀቱስ? ዋናተኞቹ የት ይሰበሰባሉ? ይህን ሁሉ በእኩልታ አስቀምጦ መፍታት ነው ሥራው። ማሽን ለማቀዝቀዝ ይጠቅማል ይባላል፤ የትኛውን ማሽን ብሎ የጠየቀው ሰው ግን ጂንካ ውስጥ አልተገኘም። እኩልታዎቹ ወረቀት ላይ ያምሩ ነበር። ኮምፒውተር ላይ ሲጫኑ ግን መልሱ ልክ ሊይዝ ሲል ይበተናል፤ ሳይበተን የቀረ ቀን ደግሞ መብራት ይጠፋል።

የሚስቱ ችግር ሌላ ነበር። የሺሀረግ አሪ ናት፣ የገዘር ልጅ፤ ጂንካ ገበያ አጠገብ ባለች ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ከተጋቡ ሰባት ዓመት አልፏል፣ ልጅ የለም። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች መጠየቅ ትተው ነበር፤ መተዋቸው ከመጠየቃቸው ይብስ ነበር። አርባ ምንጭ ያየቻት ሐኪም ባልሽን ይዘሽ ነይ ብላታለች። እሷም ደጋግማ ነገረችው፤ እሱም ይቺን ጥናት ልገላገልና እያለ አቆያት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እውነቱ ግን ፈርቶ ነበር፤ ጉድለቱ ከእኔ ቢሆንስ ብሎ። እኩልታው ለፍርሃቱ ጥሩ መደበቂያ ሆነለት።

አንድ እሑድ ሽማግሌው ጋሽ ዳርጌ የጸሎት ርዕስ ያለው ሰው እንዲናገር ከመድረክ ጠየቁ። ሚልክያስ በጉባኤ መሃል ተነስቶ አያውቅም። ያን ሰሞን የለፋበት መልስ ግን ቅዳሜ ዕለት ተበትኖበት፣ ሆዱ ባብቶ ነበርና ተነሳ።

«ለዓመታት የያዘኝ ችግር አለ» አለ። «ብዙ ደከምኩ፣ መፍትሔ አጣሁለት። ጸልዩልኝ።»

አጠገቡ የተቀመጠችው የሺሀረግ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። ሚልክያስ ድካሙ የገባት መስሎት ደስ አለው፤ ሞኙ። ጋሽ ዳርጌ ከመድረክ ወርደው በሁለቱም ራስ ላይ እጃቸውን ጫኑ። ጸሎት ሲጠናባቸው ወደ አፍ መፍቻቸው የሚሻገሩ ሰው ናቸውና ግማሹን በአሪኛ ጸለዩ። የሺሀረግ እያንዳንዱን ቃል ሰማች። ሚልክያስ ያን ሁሉ ዓመት ጂንካ ኖሮ ከሰላምታ ያለፈ አሪኛ አያውቅም ነበርና አሜን ብቻ አለ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ተለወጠ። የሺሀረግ ስትሰፋ ታዜማለች፤ የአርባ ምንጩን ነገር አታነሳም፤ እሱ ኮምፒውተሩ ላይ ሲደፋ ሻይ አስቀምጣለት ቀስ ብላ ትወጣለች። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች አርብ አርብ ይጾሙላት ጀመር። ሚልክያስ ሚስቴ ጥናቴን ወደደችልኝ ብሎ ልቡ ሞላ። ምን ተገኘ ብሎ አንድም ቀን አልጠየቃትም።

ጥቅምት ላይ መልሱ ተገኘ። ስህተቱ የመነሻ ግምቱ ላይ ነበር፤ እሱን ሲያስተካክል የመልሱ መስመር ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሰበር ለስልሶ ወረደ። እሑድ ለምስክርነት ቀድሞ የተነሳው ሚልክያስ ነው።

«ያን ጊዜ የጸለያችሁለት ችግር ተፈታ» አለ። «እግዚአብሔር ይመስገን።»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ሴቶቹ የሺሀረግን ከበው አቀፏት፤ አንዷ ሆዷን ዳበሰች። እሷ ግራ ገብቷት ወደ ባሏ አየች፣ እሱ የሚያውቀው፣ እሷ ያልሰማችው ነገር ያለ ይመስል። ሚልክያስ ነገሩ የገባው ያኔ ነው። ማይክራፎኑ ገና እጁ ላይ ነበር። የጥናቴን እኩልታ ማለቴ ነው አለ። ጋሽ ዳርጌ ዝግ ብለው አሜን አሉ፤ ሌላ አሜን ያለ የለም።

ወደ ቤት ሲሄዱ የሺሀረግ አልተቆጣችም። ያ ያስጸለይከን ነገር ምንድን ነው፣ እስቲ ንገረኝ አለችው። ውሃውን፣ ብረቱን፣ ዋናተኞቹን ነገራት። እስኪጨርስ ሰማችው።

«ይወልዳሉ?» አለችው።

«በእኔ ስሌት አይወልዱም፣ አይሞቱምም። ጊዜው አጭር ስለሆነ ቁጥራቸው ባለበት ይቆያል ብለን ነው የምንነሳው።»

ተናግሮ ሳይጨርስ ያለው ነገር ለራሱ ተሰማው። አፈረ። በነጋታው አርባ ምንጭ እንሂድ አላት።

«እንሂድ» አለችው። «ግን ያን ቀን ያለቀስኩት ስለ ልጅ እንዳይመስልህ። ባሌ ስለ እኔ ብሎ ሰው ፊት ቆመልኝ ብዬ ነው።»

ሄዱ። ጉድለቱ እንደፈራው የእሱ ነበር፤ ደግሞም በቀላሉ የሚታከም። ዛሬ ዮርዲ የምትባል ልጅ አለቻቸው፣ ፊደል ቆጥራለች። ሚልክያስም ዶክተር ይባላል። የሺሀረግ ጥሩ ሚስት ናት፤ አንድም ነገር አላጎደለችበትም። ብቻ እሱ በጉባኤ መሃል ሲነሳ ቀና ብላ አታየውም።