ፀሐይ የታዘዘላት ልጅ

እህቴ ውዴ ሁለት ልጆች ቀብራለች። ሁለቱንም ክርስትና አስነሥታ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጠራራ ፀሐይ መንገድ ላይ አገኛቸው፤ ሁለቱም ብዙ ሳይቆዩ ትኩሳት ይዟቸው ሄዱ። ምች ነው አለች። እኛም ምች ነው አልን። ሦስተኛዋን፣ ዋጋዬን ስትወልድ ማንንም ሳታማክር ወሰነች፤ ይህችን ፀሐይ አያገኛትም።

አላገኛትም። ክርስትናዋን በነሐሴ ጉም፣ በጋቢ ተጠቅልላ ተነሣች። ከዚያ ወዲያ ጓዳ ነው። የእኛ አገር፣ የጥርባ ቤት በቀርቀሃ ተማግሮ በጭቃ የተመረገ፣ መስኮት የሌለው ቤት ነው፤ ብርድ ይገባል ተብሎ ቀዳዳ እንኳ አይተዉለትም። ልጅቱ እዚያ ውስጥ ዓመት ሞላት፣ ሁለተኛውንም ክረምት እዚያው ከረመች።

ቤታቸውን ከቤቴ የሚለየው አጥር ብቻ ስለሆነ ሁሉን እሰማለሁ። ዋጋዬ ሲያነሷት ታለቅሳለች፣ ሲያስቀምጧትም ታለቅሳለች። ውዴ ግን ሁለተኛውን ልጅ ቀብራ ከተመለሰች ወዲህ አልቅሳ አታውቅም። ታልባለች፣ ትፈጫለች፣ ውኃ ትቀዳለች። ሰው ሲያነጋግራት «እሺ» ትላለች፤ ምን እንደተባለች ግን ብትጠየቅ የምታውቅ አይመስለኝም።

በአምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ሲወጣ ባሏ አበረ መጣና ደጄ ላይ ቆመ። አበረ ማረስ እንጂ መናገር አይወድም።

«አያ ቢሻው፣ ልጅቱ አልቆመችም» አለ።

«አይቻለሁ።»

«ስናቆማት እግሯ ይጎብጣል። የእጇ አንጓ አብጧል። ጎረቤታችን ወርቅነሽ ደግሞ ቡዳዎች በልተዋት ነው ትላለች።»

«ወርቅነሽ ያላለችው ምን አለ?»

«ጠበሉንም አደረስናት። ዳንግላ ሐኪም አለ ይላሉ። ውዴ አማርኛ አይቀናትም፤ እርስዎ አብረዋት ይሂዱልኝ።»

ሄድን። እስከ እንጅባራ በበቅሎ፣ ከዚያ ድንች በጫነ መኪና። ሹፌሩ ውዴ የታቀፈችውን ጥቅልል አይቶ «ምንድን ነው፣ ማር ነው?» አለ።

«ልጅ ናት» አልኩት።

«ትተነፍሳለች?»

«እሺ» አለችው ውዴ። ከዚያ በኋላ ሹፌሩ ዳንግላ እስክንገባ አላነጋገረንም።

ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበለን ዓለምነው የሚባል ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት ነው፤ ገና ጎልማሳ፣ ድምፁን የማያነሣ ሰው። ጋቢውን ሲገልጥ የውዴ እጅ ጨርቁን ይዞ ቀረ። እስክትለቅ ድረስ ጠበቃት። ከዚያ የልጅቱን የእጅ አንጓ ዳሰሰ፣ የጎድን አጥንቷን አንድ በአንድ ነካ፣ እግሯን ዘረጋ።

«ፀሐይ ታገኛለች?» አለኝ።

በአገውኛ ጠየቅኋት። «እኔ በሕይወት እያለሁ!» አለች፤ ልጅሽን ትመቻታለሽ ወይ የተባለች ያህል።

«ሕመሙ ይኸው ነው» አለ ዓለምነው። «አጥንቷ ፀሐይ አጥቶ ነው የለሰለሰው። ቀስተ ደመና ላይ ቀዩን፣ ቢጫውን፣ ሐምራዊውን እናያለን አይደል? ከሐምራዊው ወዲያ ዓይን የማያየው ጨረር አለ። እሱ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሰውነት አጥንት የሚያጠነክር ነገር ይሠራል። ያ ከሌለ ወተት ብታጠጧትም አጥንቷ አይዝም።»

«ሙቀቱ ነው?» አልኩት።

«ሙቀቱ አይደለም። በብርድ ቀንም አለ።»

የማይታይ ነገር አለ መባሉ አልከበደኝም፤ የማይታይ አምኜ ነው የምኖረው። ለእህቴ ስነግራት ግን ቃል አጠረኝ። ከፀሐይ የሚመጣ፣ የማይታይ፣ ልጅ የሚያጠነክር፤ እንዲህ አድርጌ ነገርኳት።

«መርፌውስ?» አለች።

«መርፌ የለም» አለ፣ ስተረጉምለት። «በተማርኩበት ሆስፒታል ይህንኑ ጨረር የሚሰጥ መብራት ነበር። የዓሣ ጉበት ዘይትም ነበር። እዚህ ሁለቱም የሉኝም። ፀሐይ ግን እናንተም ዘንድ አለች።»

ውዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። «ይህን ሁሉ አገር ፀሐይ አናቴን እየጠበሰኝ የመጣሁት ፀሐይ ሊያዝልኝ ነው?»

«ምን አለች?» አለ ዓለምነው።

«እግዜር ይስጥልኝ ትላለች።»

ሳያምነኝ ፈገግ አለና አዘዘ። ጠዋት ጠዋት፣ ረፋድ ሳይገፋ፣ ለጥቂት ጊዜ፣ ባዶ ገላዋን። በቀትር አይሆንም። ዓይኗ ላይ ጥላ ይሁን።

«ቀዝቃዛ አገር ነው ብላችሁ እንዳትታለሉ» አለ። «የእናንተ አገር ከፍታ ነው። ነፋሱ ሲቀዘቅዝ ፀሐይዋ የደከመች ትመስላለች እንጂ ጨረሩ ይበረታል። የእርስዎ ዓይን ላይ ያለው ምንድን ነው፣ አያ?»

ከአፍንጫዬ በኩል ተነሥቶ ወደ ብሌኔ የሚሄድ ሥጋ አለኝ። ቆይቷል አልኩት።

«እሱም ከዚሁ ጨረር ነው፤ ነፋሱና አቧራው ረድተውት። ዕድሜ ልክዎን እርሻ ላይ ሲወርድብዎ ኖሯል። ከልክ ሲያልፍ ቆዳ ያቃጥላል፤ ውሎ አድሮ የዓይን ሞራም ያመጣል፣ የማይድን ቁስልም ያመጣል። ለልጅቱ ግን ጥቂቱ መድኃኒቷ ነው። አሁን ካልተቃናች እንደ ጎበጠች ትጠነክራለች፤ ሌላ ክረምት አትጠብቁ።»

ይህንንም ሳላስቀር ነገርኳት። እህቴ የያዘችው ግን ስለ ዓይኔ የተባለውን ነው። «ይኸው፣ ራሱ ተናገረ» አለች፣ ልጅቱን እየጠቀለለች።

ከተመለስን በኋላ ግን ታወጣት ጀመር። ጠዋት ጠዋት በራቸው ሲጢጥ ሲል፣ ግቢ ወጥታ ድንጋዩ ላይ ስትቀመጥ እሰማለሁ። ታኅሣሥ አለቀ፣ ጥምቀት አለፈ፣ የካቲት ገባ። ዋጋዬ ሲያነሷት አሁንም ታለቅሳለች። አበረ እንደገና መጣና ደጄ ላይ ቆመ።

«ያው ነች» አለ። «ወር ከወር ፀሐይ ላይ ነች፤ እግሯ ያው ነው። ጉሙ ሊመለስ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ዳዊቴን አጥፌ አጥሩን ዞርኩ። ውዴ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች። ዋጋዬ ጭኗ ላይ ናት፤ በሁለት ነጠላ፣ በላዩ ላይ በጋቢ ተሸፍናለች። የሚታየው የአፍንጫዋ ጫፍ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ፀሐይ የሞቀው ጋቢው ነበር።

«ውዴ፣ ባዶ ገላዋን ተብሎ አልነበር?»

«ገላዋ ይሞቃል። እጅህን አስገባና ንካው።»

«ሙቀቱ አይደለም ብሏል። የማይታየው ነው።»

«እኮ የማይታየው» አለች። «የማይታይ ነገር ጨርቅ ያግደዋል? ቡዳ አይታይም፤ ጨርቅ አግዶት ያውቃል? መልአክስ ሲመጣ ጋቢ ይገለጥለታል?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ከዳንግላ ይዛው የተመለሰችው፣ ጠዋት ጠዋት ይዛው የተቀመጠችው ሐሳብ ይህ ነበር። እኔም ብሆን ጨርቅ እንደሚያግደው በምን አውቃለሁ?

«መልአክ አይደለም እንግዲህ» አልኳት። «ፍጥረት ነው። ነፋስ አይታይም፣ ግድግዳ ግን ያግደዋል። አንችስ ቤቱን የመረግሽው ለምንድን ነው?»

ጋቢውን በጣቷ ታሻሸዋለች።

«እነዚያን ገልጬያቸው ነበር» አለች። «ከክርስትና ስመለስ። ሰው ይያቸው ብዬ። ደስ ብሎኝ ነበር።» የገበያ ወሬ የምታወራ ያህል ነው የተናገረችው።

ከጎኗ ተቀመጥኩ።

«ብገልጣትና ብትሞትስ?»

«አላውቅም» አልኳት። «እሱ ትድናለች ብሏል። እንደዚህ ከተቀመጠች ግን በክረምቱ እንደ ጎበጠች ትቀራለች። ይህንን አንችም ታይዋለሽ።»

አበረ ከበረት ወጥቶ ቆሞ ይሰማል። ውዴ አየችውና «መንገድ አላፊ ያያታል» አለች። አበረ የራሱን ጋቢ ከትከሻው አወረደ። አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጠኝ፣ አንዱን እሱ ያዘ፤ በመንገዱ በኩል እንደ መጋረጃ ዘረጋነው። ውዴ መጀመሪያ የልጅቱን ጋቢ፣ ከዚያ አንዱን ነጠላ፣ ከዚያ ሌላውን ገለጠች። ሁለተኛውን ነጠላ ለዓይኗ ጥላ አደረገችላት። ከዚያ ፊቷን ወደ ቤቱ አዞረች፤ እጇ ብቻ የልጅቱ ሆድ ላይ ቀረ።

ዋጋዬ አላለቀሰችም። እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ጣቶቿን ታያለች።

ወርቅነሽ እንስራዋን አዝላ በአጥሩ ማዶ ስታልፍ ቆመች። «ምነው፣ ድንኳን ተከላችሁሳ! ማን ሊያገባ ነው?»

ከአበረ መልስ አልጠበቅሁም። እሱ ግን «ልጅ እያሰጣን ነው!» አላት።

«አስጡ፣ አስጡ! ብቻ ዶሮ እንዳይለቅማት!»

አበረ ሳቀ፣ ጋቢውም አብሮት ተንቀጠቀጠ። እኔም ሳቅሁ። ውዴ አልዞረችም። ፀሐይዋ ሳትከርር ልጅቱን ጠቅልላ አስገባች፤ ቀኑን ሙሉም ግንባሯን እየዳሰሰች ዋለች። ትኩሳት አልመጣም። በማግስቱ እንደገና ገለጠቻት፤ እኛም እንደገና ጋቢውን ያዝን። እርሻው ሲበረታ ለጋቢው ሁለት ካስማ ተከልንለት።

መጋቢት ላይ ልጅቱ ሲያነሷት ማልቀሷን ተወች። እኔ ይህን ከአጥር ወዲህ ሆኜ ነው ያወቅሁት፤ ጠዋቱ ጸጥ ሲል። ከትንሣኤ በኋላ አንድ ቀን አበረ ጮኾ ጠራኝ። ሰው የሞተ መስሎኝ ሮጬ ሄድኩ።

ዋጋዬ ካስማውን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። እግሯ አሁንም ጎባጣ ነው፤ ግን አይንቀጠቀጥም። አበረ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ እንባውን በክንዱ ይጠርጋል። ውዴ ምስር እየለቀመች ነበር። ሰፌዱ ጭኗ ላይ እንዳለ ልጅቱን ታያለች፤ የሌላ ሰው ልጅ የምታይ ትመስላለች።

«ቆመች» አልኳት።

«አየሁ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ይመስገን። እንግዲህ ከቤት መውጣት ትጀምራለች ማለት ነው።»

«ትጀምራለች።»

«ብቻዋን።»

«አዎ፣ ብቻዋንም ትወጣለች።»

ውዴ ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሣች፤ ወደ ልጅቱ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። በራቸው ሥር ሄዳ ቆመችና ደፉ ላይ ያለውን ሹል ድንጋይ በእግሯ ነካ ነካ አደረገችው።

«አበረ» አለች፣ «ይሄ ይነቀል። ያደናቅፋታል።»