በረንዳው ላይ የተሰጣው ሽንኩርት

ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ቢያልፋቸውም ሰፈሩ አሁንም «ኃላፊው» ነው የሚላቸው። በግብርና መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት ሲያገለግሉ ስለ ቀይ ሽንኩርት አተካከል አንዲት ቀጭን መጽሐፍ በስማቸው ታትማለች። የጻፏት በእርግጥ የበታቾቻቸው ናቸው። እሳቸው መግቢያው ላይ ፈረሙ፤ የቀረውን ለማንበብ ጊዜ አላገኙም።

ዘንድሮ ግን በጓሯቸው ሽንኩርት ሊያለሙ ተነሡ። የተረፋቸውን ችግኝ አጥር ለምትጋራቸው ልብስ ሰፊ ሰጧት። እሷ ሽንኩርት ከመክተፍ በቀር የምታውቀው ነገር ስላልነበረ ጥያቄ አበዛችባቸው። ሲሰለቻቸው መጽሐፏን በአጥሩ ላይ አቀበሏትና፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ ብለው ተገላገሉ።

ልብስ ሰፊዋ በችግኝና በችግኝ መካከል ያለውን ርቀት በሜትሯ እየለካች ተከለች። ሥሩን ብቻ አፈር አለበሰች፤ መጽሐፉ ጠልቆ አይተከል ይላልና። ኃላፊው ግን ነፋስ እንዳይጥላቸው ብለው ችግኞቹን እስከ አንገታቸው ቀበሩ፤ በየሳምንቱ ማዳበሪያ በተኑ፤ ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጡ። ባለቤታቸው፣ መጽሐፉ እንዲህ ይላል እንዴ ብለው ቢጠይቋቸው፣ መጽሐፉ የተጻፈው ለማያውቅ ሰው ነው አሉ።

የኃላፊው ሽንኩርት ቅጠሉ ጉልበት ደረሰ፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ እያየ አደነቀ። የልብስ ሰፊዋ ግን በአራተኛው ወር ቅጠሉ ታጥፎ መሬት ላይ ተኛ፤ እሷም ጭራሽ ውኃውን አቆመች። ኃላፊው ከልባቸው አዘኑ፤ ትንሽ ደስታ ቢቀላቀልበትም። ሊያጽናኗት በአጥሩ ብቅ አሉ።

«አይዞሽ፣ መጀመሪያ ላይ ያጋጥማል።»

«ምን አጋጠመኝ ጋሼ?»

«ሞተብሽ እኮ።»

«ደረሰ እንጂ መች ሞተ? ቅጠሉ ሲተኛ ደርሷል ብለው ገጽ አሥራ አራት ላይ ራስዎ ጽፈውት የለ?»

ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ማንበብሽን ልፈትን ብዬ ነው አሏት። ማመኗ ነው የባሰባቸው።

ከአሥር ቀን በኋላ ስትነቅለው እያንዳንዱ ጭብጥ ያክላል። ኃላፊው ወደ ራሳቸው መደብ ሮጡ። አንድ ነቀሉ፤ ሌላ ነቀሉ፤ ከዚያ ሁሉ ቅጠል ሥር የወጣው ጣት የምታክል ነጭ አንገት ብቻ ነበረች። ባለቤታቸው አገላብጠው አዩና፣ ለባሮ ሽንኩርት አይከፋም አሉ።

ያን ዕለት ልብስ ሰፊዋ በራቸውን አንኳኳች። ሽንኩርቱ ነፋስ ባለበት ጥላ ሁለት ሳምንት መድረቅ አለበት፤ የእሷ ግቢ ደግሞ ፀሐይ ብቻ ነው። በረንዳቸውን ብታስቸግራቸው? እምቢ የሚሉበት ምክንያት አልነበራቸውም። ሽንኩርቱ ወደ መንገድ በሚያሳየው በረንዳ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተሰጣ።

ያየ ሁሉ ኃላፊውን ያመሰግን ጀመር። ሁለት ቀን ሙሉ ራሳቸውን ነቅነቅ እያደረጉ ተቀበሉ። በሦስተኛው ቀን ባለቤታቸው በመስኮት ትክ ብለው ሲያዩዋቸው አላስችል አላቸው። የሰፈሩ ፋርማሲስት ቆሞ ሲያደንቅ፣

«የኔ አይደለም፤ የልብስ ሰፊዋ ነው» አሉት። «የኔ አልያዘም።»

ፋርማሲስቱ ሽንኩርቱን አየ፤ እሳቸውን አየ። ቀጥሎም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እንዲህ ያለ ትሕትና ጠፍቷል ጋሼ» አለ።

ሳይመሽ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ ኃላፊው የልፋታቸውን ምስጋና ለጎረቤታቸው አሳልፈው ሰጡ ተባለ። ባስተባበሉ ቁጥር ይብስ ተመሰገኑ። ልብስ ሰፊዋ ራሷ ብትመሰክርም፣ ጨዋ ስለሆነች ነው ተባለላት።

በማግስቱ ሽንኩርቱን ልታገላብጥ ስትመጣ ኃላፊው በርጩማ ይዘው ወጡ።

«ሌላ ጊዜ ስትተክዪ ጥሪኝ» አሏት።

«ሊያሳዩኝ?»

«አይ፣ አተካከልሽን ላይ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸውና ሁለቱም ማገላበጥ ያዙ።