የጠበል ቤቱ እንስራ

ሕልሙ የሚመጣው ሊነጋጋ ሲል ነው። ከእንጦጦ የወረደ ጭጋግ አለ። ጭጋጉ ውስጥ የግቢ በር፣ በሩ አጠገብ ድንጋይ። አንዲት ሴት ድንጋዩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች፤ ትበላለች። ሳሌም ልትጠራት አፏን ትከፍታለች፤ ድምፅ አይወጣም። ሴትዮዋ በልታ ስትጨርስ ሳህኑን አጥባ ድንጋዩ ላይ ትደፋዋለች። ከዚያ ፊቷን ሳታሳይ ጭጋጉ ውስጥ ትገባለች።

ሳሌም ስትነቃ ትራሷ ርጥብ ነው። ውጭ የጳውሎስ ታክሲ ረዳቶች መጣራት ጀምረዋል። ነጠላዋን ለብሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትወጣለች። ደጁን ትሳለምና ወደምትሠራበት መድኃኒት ቤት ትወርዳለች። ቅጽሩ ውስጥ አትገባም። ያያት ሰው ሥራ ረፍዶባት ይመስለዋል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ባሏ አክሊል፣ "ዘንድሮ ለፋሲካ አብረን እንቁረብ" አላት።

"እሺ።"

"በየዓመቱ እሺ ትያለሽ። ሕማማት ሲደርስ ያምሻል።"

"ሕመም ቀጠሮ ይይዛል እንዴ?"

"የአንቺ ይይዛል። ደግሞ የምትሠሪው መድኃኒት ቤት ነው።"

ሳቀች። እሱ አልሳቀም። "ባልና ሚስት ነን፤ ያለ አንቺ አልቆርብም። የሚከለክልሽ ነገር ካለ ንገሪኝ። ለእኔ መንገር ካቃተሽ ለንስሐ አባታችን ንገሪ። ዕድሜያችን ሄደ፣ ሳሌም።"

የሚከለክላት ነገር ነበር። አክሊል ሲያገባት እናቴ ሞታለች ብላው ነበር። እናቷ ማሚቴ ግን ቀጨኔ ዳገት ላይ ሸክላ ትሠራ ነበር። ሸክላ ሠሪን ሰው ቡዳ ይላል፤ ልጇንም። ሳሌም ተማሪ ሳለች ልጆች ምሳቸውን ከእሷ ይሸሽጉ ነበር። ስታድግ እሷ እናቷን ሸሸገች።

የሰርጓ ዕለት ማሚቴ ሳትጠራ መጣች። ነጭ ለብሳ፣ ጀርባዋ ላይ አዲስ እንስራ አዝላ በሩ ላይ ቆመች። የሳሌም አማት "ማናት?" ብላ ጠየቀች። ሳሌም ከነቬሎዋ ዘወር ብላ አየች።

"አላውቃትም። ሸክላ ሻጭ ትሆናለች። እዚያው ምሳ ስጧት።"

ማሚቴ ሰምታለች። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የሰጧትን በላች፤ ሳህኑን አጠበች፤ እንስራዋን አዝላ ሄደች። ከዚያ በኋላ ሳሌም በድብቅ እየሄደች ስኳርና ሳሙና ትሰጣት ነበር። ስለዚያ ቀን ሁለቱም አላነሡም። ማሚቴ አንድ ክረምት ላይ ስትሞት ሳሌም ከለቀስተኛው ኋላ እንደ መንገደኛ ቆማ ሸኘቻት።

ለንስሐ አባቷ ለመምሬ ዮፍታሔ በየዓመቱ "በሐሳብ፣ በቃል፣ በሥራ በድያለሁ" ትላለች። እሳቸው ስግደት ያዟታል። ትሰግዳለች። ሴትዮዋ ግን ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠች ነው።

አንድ ማለዳ ደጁን ስትሳለም መምሬ ዮፍታሔ በዱላ እየተደገፉ ወጡ። መስቀላቸውን አሳለሟትና አልሄዱም።

"ልጄ፣ ሁልጊዜ በሩን ስመሽ ትመለሻለሽ። ለምን አትገቢም?"

"በድያለሁ፣ አባ።"

"እሱን እኮ ነግረሽኛል። እኔም በድያለሁ። ማንን ነው የበደልሽው? ምን አድርገሽ?"

ነገረቻቸው። የበሩን ብረት በሁለት እጇ ይዛ ነው የነገረቻቸው። ጭጋጉ ዝግባዎቹን ውጧቸዋል። ቅዳሴው ከውስጥ እንደ ሩቅ ውኃ ይሰማል።

"የክርስትና ስምሽ ማን ነበር?"

"ወለተ ጴጥሮስ።"

"ጴጥሮስም አላውቀውም ብሎ ነበር። ጌታ ከሞት ተነሥቶ ሲያገኘው ለምን ካድከኝ አላለውም። ፍም ላይ ዓሣ ጠብሶ ቆየውና ና ብላ አለው። ካበላው በኋላ ትወደኛለህ ወይ አለው። ጴጥሮስ አዘነ፤ ግን እወድሃለሁ አለ።"

"እሷ እኮ ሞታለች፣ አባ።"

"እሱ ሕያው ነው። እሷም ያለችው እሱ ዘንድ ነው።"

መስቀሉን ግንባሯ ላይ አሳርፈው "እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሏት። እንባዋ መስቀሉ ላይ ወረደ።

"ስንት ልስገድ?"

"ስግደቱ ይቆይ። የጠበል ቤቱ እንስራ ሰሞኑን ወድቆ ተሰብሯል። ሌላ ሠርተሽ አምጪ። በእጅሽ።"

"ይገዛል እኮ፣ አባ። ልግዛው።"

"መግዛትማ እኔም እገዛለሁ።"

"ካሣ ነው?"

"ካሣውን ጌታ በመስቀል ላይ ከፍሎታል፤ አንቺ ምን ትጨምሪበታለሽ? ይኼ ይቅር መባልሽን እጅሽም እንዲያምነው ነው።" የተሰበረውን እንስራ ገል በማዳበሪያ ከረጢት አስያዟት። "ይዘሽው ሂጂ። ሸክላ ሠሪዎቹ ይፈልጉታል።"

ሸክላ ሠሪዎቹ ቀጨኔ ውስጥ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ይሠራሉ። ሳሌም ስትደርስ ሮሐ የምትባል ምላሰኛ ወጣት ቀድማ አየቻት።

"ምን ፈልገሽ ነው እታለም? ጀበና? ድስት?"

"እንስራ ልሠራ ነው።"

ሮሐ ጮኸች። "እማማ አስካለ! ቀለም የተቀባ ጥፍር ጭቃ ሊያቦካ መጥቷል!"

እማማ አስካለ የማሚቴ ጓደኛ ነበረች። ቀና ብላ አየቻት። "የማሚቴ ልጅ ናት። ቦታ ልቀቂላት" አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሌም ከሥራ ስትወጣ እዚያ ትሄዳለች። የመጀመሪያው እንስራ ገና ሳይደርቅ ወደ አንድ ጎን ተኛ።

"ይኼ እንስራ ነው ወይስ ከጠጅ ቤት የወጣ ሰው?" አለች ሮሐ።

"አፈሩ ገል አልገባበትም" አለች እማማ አስካለ። "ገሉን ወቅጠሽ፣ ነፍተሽ ቀላቅይበት። አለዚያ ቢቆምም እሳት ላይ ይፈነዳል።"

ሳሌም ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን ገል በሙቀጫ ትወቅጥ ጀመር። ሴቶቹ እየሠሩ ያወራሉ። አንዷ ስለ ሰርግ አነሣች።

"ሰርግ ካላችሁስ ማሚቴ ነበረች የምታወራው" አለች ሮሐ። "ልጅ ሆኜ ስንቴ ሰምቻለሁ። 'ልጄ ከነቬሎዋ ተነሥታ በእጇ አጎረሰችኝ። ወጡ ጥሩ ነበር፣ ጨው ቢበዛበትም' ትል ነበር።"

ሁሉም ሳቁ። "አጉራሽ ልጅ ነሽ ለካ!" አለች አንዷ።

የሳሌም እጅ ሙቀጫው ላይ ቀረ። ራሷን ብትነቀንቅ ያልቅ ነበር። ከታች የሚቃጠል ሸክላ ጭስ መጥቶ ጥላውን ሞላው፤ የሴቶቹ ፊት ሁሉ ራቀ።

"አላጎረስኳትም" አለች። "አላውቃትም ብዬ በር ላይ አስቀመጥኳት። እንደ ለማኝ ነው ያበላኋት።"

ሳቁ ቆመ።

"አውቃለሁ" አለች እማማ አስካለ። "አብሬያት ወርጄ ነበር። ማዶ ቆሜ አየሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ስንመለስ ዳገቱ ላይ አረፍን። አለቀሰች፤ በጣም አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና፣ 'አስካለ፣ ልጄ አጉርሳኛለች። የጠየቀሽ ካለ እንደዚያ በይ' አለችኝ። እንስራውንም ቤት አልመለሰችውም። ለጠበል ቤቱ ሰጠችው። 'ልጄ ስትጠማ ትጠጣበታለች' አለች።"

እማማ አስካለ ጎንበስ ብላ ከከረጢቱ አንድ ገል አወጣች። የእንስራው ከንፈር ነበር፤ ዙሪያውን በአውራ ጣት ተጭኗል። "ይኼውልሽ። እንዲህ የምትጫነው እሷ ብቻ ነበረች።"

ሳሌም አውራ ጣቷን ጉድጓዱ ላይ አደረገች። ልክ ገባ። ከበሩ ውጭ በቆመችባቸው ዓመታት ሁሉ እንስራው ቅጽሩ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃት ነበር። ገሉን ደረቷ ላይ ይዛ አለቀሰች፤ ማንም ዝም በይ አላላትም።

በመጨረሻ ሮሐ ውኃ አምጥታ አጠገቧ አስቀመጠች። "በይ ተነሽ። ጭቃው እየደረቀብሽ ነው።"

ሳሌም የከንፈሩንም ገል ወቀጠችው።

በሆሳዕና ዋዜማ እንስራው ከእሳት ወጣ። ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። እማማ አስካለ በጣቷ መታ አድርጋ ሰማችው። "ይበቃል" አለች።

ሳሌም በገመድ አዝላው በቀጨኔ ቁልቁለት ሄደች። የሚያውቋት ሰዎች ቆመው አዩዋት። አክሊልን ቀድማ ጠርታው ስለነበር የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ቆሟል።

"ምንድን ነው የተሸከምሽው?"

"እንስራ። እኔ ነኝ የሠራሁት። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ስንጋባ አልሞተችም ነበር። ሰርጋችን ላይ ስትመጣ አላውቃትም አልኩ።"

"ይኼን ሁሉ ዓመት?"

"ይኼን ሁሉ ዓመት።"

አክሊል ፊቱን አዞረ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

"ከባድ ነው?"

"አይ። ባዶ ነው።"

ገመዱ ትከሻዋን ቆርጧት ነበር፤ ላላ አደረገላት። ሳሌም በሩን ሳመች። እንደ ልማዷ ልትመለስ ሰውነቷ ዞረ፤ ከዚያ ደፉን ተሻግራ ገባች። አክሊል ተከተላት።

መምሬ ዮፍታሔ ጠበሉን ሞሉበት። አዲስ ሸክላ መጀመሪያ ራሱ ይጠጣል፤ ውኃው ጎደለ፤ እንደገና ሞሉት። ሳሌም በጣሳ ጠጣች። ውኃው የእናቷን ቤት ይሸታል።

በቅዳሜ ሹር ሊነጋጋ ሲል ሕልሙ መጣ። ያው ጭጋግ፣ ያው ድንጋይ። ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታለች። ሳሌም አፏን ከፈተች። ድምፅ ከመውጣቱ በፊት ሴትዮዋ ዞረች፤ ፊቷ ላይ ብርሃን ነበር። በእጇ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ ተከፈተው የሳሌም አፍ ዘረጋች።

ሳሌም ስትነቃ አክሊል አልጋው አጠገብ ቆሞ ያያታል።

"ሕማማቱ አለቀ እኮ። አመመሽ?"

"አላመመኝም" አለችና ለቁርባኑ ነጭ ልብሷን ልታወጣ ተነሣች።