ቂርቆስ በማይክ የተናገረው

ጋሼ ሳህሉ፣ አጎቴ፣ ለለቅሶ ለመጣው ሰው ሁሉ ታላቅ ወንድሜ ቂርቆስ አንድም ቀን ታሞ እንደማያውቅ፣ መኪናው በረዶ ላይ ተንሸራቶ ድንገት እንደቀጠፈው ነገሩት። ቂርቆስ ራሱ ግን ባለፈው ሐምሌ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ የሚባለው ሜዳ ላይ፣ ቡድኑ ከሚያደርገው የቤዝቦል ጨዋታ በፊት ማይክ ይዞ ከባድ ድባቴ እንዳለበት፣ መድኃኒት እንደሚወስድና እንደማያፍርበት ተናግሯል።

ስለ አደጋው ጋሼ እውነት ተናግረዋል፤ ፖሊስም ያለው እሱኑ ነው። የዋሹት ስለ ሕመሙ ነው።

ይጫወትበት የነበረው ቡድን የግንቦቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ የቂርቆስን ማሊያ ለመታሰቢያ ሜዳው ላይ ሊሰቅልለት፣ ያንን ንግግሩንም በቪዲዮ ሊያሰማ አሰበ። አሠልጣኙ እናቴን ሊያስፈቅድ ሲደውል ስልኩን ያነሱት ጋሼ ናቸው። ሐዘንተኛ አይረበሽም ብለው፣ እሷን ሳይጠይቁ በእሷ ስም መለሱ፤ ማሊያው ይሰቀል፣ ቪዲዮው ይቅር።

ይህን ከአሠልጣኙ ሰምቼ ሲዋርድ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ስገባ ለቀስተኞቹ ካርታ ይዘዋል። ጋሼን ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው። አልካዱም። ሰው ሕመሙን ከሰማ አደጋውን አደጋ አይለውም፣ ሆን ብሎ ነው ይላል፤ ይህን በእናትህ ላይ ልትጨምርባት ነው ወይ አሉኝ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ እንዲህ የሚል ሰው እዚያው ሳሎን ውስጥም አይጠፋም። ግን ለሐሜተኛ ተብሎ ወንድሜ ዝም ይሰኝ?

ጎረቤታችን ኤዶሳ ከካርታው ቀና ሳይል፣ "ኖህ፣ ኮሌጃችሁ ገበና የሚባል ኮርስ የለውም እንዴ?" አለ። ሳቁ። ወንድሜ በሞተ በሳምንቱ፣ በገዛ ቤቱ ሳቁ።

"ጋሼ፣ በቁሙ ያላፈረበትን፣ ሲሞት እርስዎ አፈሩለት?" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

እናቴ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ከመኝታ ቤት ወጣች። የምን ነገር ነው ብላ ጠየቀች። አሠልጣኙ የጠየቀውንና ጋሼ በእሷ ስም የመለሱትን ነገርኳት። ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮውን ከፍቼ ሰጠኋት። ቂርቆስ እየሳቀ ይናገራል፤ መጨረሻው ላይ፣ እጁን ይዛ ሐኪም ቤት የወሰደችው እናቱ እንደሆነች ይላል። እስኪያልቅ ቆማ ሰማችው። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረች።

"በእኔ ስም ነው እምቢ ያልከው?"

"ላንቺ ብዬ ነው፣ ማሚትዬ።"

አልተቆጣችም። ስልኩን መለሰችልኝ።

"ደውልላቸው፣ ኖህ። ቪዲዮው ይከፈት። ማሊያውን የምሰቅለው እኔ ነኝ፤ የሚጠይቅ ካለ እዚያው ሜዳ ላይ መጥቶ እኔን ይጠይቀኝ።"