እሷ ያማሰለችው ውኃ

ለቀስተኛው ሁሉ ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ ግንበኛው አንድ ሥራ ብቻ ቀረው፤ በየጠዋቱ ወደ ሰገነቱ እየወጣ የሚስቱን በርሜል መሙላት።

ልብስ ሰፊ ነበረች። ዕድሜዋን በስፌት መኪና ላይ አቀርቅራ ኖራ ወገቧና ጉልበቷ ሲከዷት፣ «ከእንግዲህ ለማንም ለምንም አላጎነብስም» ብላ ሰገነቱ ላይ ያለ አፈር አትክልት ማብቀል ጀመረች። ነጫጮቹን የፕላስቲክ ቱቦዎች በደረቷ ቁመት ልክ በብረት ላይ የደረደረላት፣ ለየችግኙም ቀዳዳ የበሳላት እሱ ነው። ከታች ማዳበሪያ የተበጠበጠበት የውኃ በርሜል አለ። ትንሽ ፓምፕ ውኃውን ወደ ላይ ትገፋዋለች፤ ውኃውም በቱቦዎቹ ውስጥ የተክሎቹን ሥር እያጠበ ሄዶ ተመልሶ በርሜሉ ውስጥ ይገባል።

ሲሠራላት ታዲያ አፉ አላረፈም።

«አፈር ያልቀመሰ ሰላጣ ደግሞ ምን ሰላጣ ነው? በጉሉኮስ የሚኖር በሽተኛ ነው እንጂ!»

«አንተ ሲሚንቶ ስታቦካ የኖርክ ሰውዬ፣ ሰላጣ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገህ? አረም የለው፣ ኩትኳቶ የለው። ያችው ውኃ እየተመላለሰች ታጠጣልኛለች። ያንተ ጓሮ በአንድ ቀን የሚጨርሰውን የእኔዎቹ ሳምንት ይጠጡታል።»

«መብራት የጠፋ ቀን እንተያያለና!»

መብራቱም ጠፋ፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ። ፓምፗ ቆመች፣ ሥሮቹ ቱቦው ውስጥ ራቁታቸውን ቀሩ። ያ ሁሉ ሲሳለቅ የነበረው ሰውዬ ራሱ በጣሳ እየቀዳ፣ ላብ በላብ ሆኖ ሲያጠጣ ዋለ። እሷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«አፈር ቢሆን እኮ ይታገሥሽ ነበር» አላት።

«አንተ እያለህልኝ አፈር ምን ያደርግልኛል?» አለችው።

ሆስፒታል የገባች ዕለት ጠዋት በርሜሉን አሳጥባ አዲስ ውኃ በጠበጠች። «በዱላ አማስዪው» ቢላት እምቢ አለች። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ክርኗ ነከረችና፣ «በእጄ ካልሆነ መሟሟቱ አይታወቀኝም» አለች። ከዚያ ወዲያ ሰገነቱን አልረገጠችውም።

ያ ውኃ የማዳበሪያው ጨው እንዳይጠራቀምበት በየሁለት ሳምንቱ ተደፍቶ በአዲስ መተካት እንዳለበት ግንበኛው አሳምሮ ያውቃል፤ ሲደፋላት የኖረው እሱ ነው። አሁን ግን አልደፋም። በጎደለ ቁጥር ከላይ እየጨመረበት፣ ማዳበሪያም ጣል እያደረገበት ያቆየዋል። እጇ የገባበት ውኃ ነው፤ እንዴት አድርጎ ቦይ ውስጥ ይድፋው?

መጀመሪያ የሰላጣው ጠርዝ እሳት እንደነካው ሁሉ ተለበለበ። ቀጥሎ ቲማቲሙ፣ ሥሩ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሳለ፣ ውኃ እንደጠማው ሆኖ ጠወለገ። ከታች ቤት የተከራየው ፀጉር አስተካካይ ፎጣዎቹን ሊያሰጣ ወጥቶ የተለበለቡትን ቅጠሎች ቆም ብሎ አየና፣ «ጋሼ፣ እነዚህ ልጆች ሲጋራ ጀመሩ እንዴ?» አለ። እንዲያው ሊያስቀው ብሎ ነበር።

«ሙቀቱ ነው» አለ ግንበኛው፣ ፊቱን አዙሮ።

ቅዳሜ ልጁ መጣች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሰገነቱ ላይ ወጥታ አንዱን ሰላጣ ከቀዳዳው ነቀል አደረገችው። ነጭ መሆን የነበረበት ሥር ቡናማ ሆኖ ተዝለግልጓል፤ ይሸታል።

«አባዬ፣ ይሄን ውኃ መቼ ነው የቀየርከው?»

«በቀደም።»

«የትኛው በቀደም?»

ጎንበስ ብሎ የረገፈ ቅጠል መልቀም ጀመረ።

«አባዬ!»

«አልቀየርኩትም። እሷ ናት የበጠበጠችው… በእጇ።»

ልጅቱ ሰላጣውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ከሥሩ የሚንጠባጠበው ውኃ ጫማዋን አራሰው።

«እማዬ እኮ እዚህ ውኃ ውስጥ የለችም» አለች በቀስታ።

«እሺ የት ነው ያለችው? ንገሪኛ!» ጮኸባት። ከተወለደች ጀምሮ ጮኾባት አያውቅም። «አፈር ቢሆን ኖሮ እጇ የነካው እዚያው ይቀመጥልኝ ነበር። ይሄ የእናትሽ ጉድ ግን በየጊዜው ካልደፋኸኝ ይላል። እኔ አልደፋትም!»

«ችግኞቹንስ ማን ዘራቸው?» ልጅቱ ማልቀስ ጀምራለች። «በዚያ መርፌ በለመደ እጇ እኮ ነው፣ ፍሬውን አንድ በአንድ እያነሳች። ውኃዋን ላቆይ ብለህ እነሱን ልትገድላቸው ነው?»

ቲማቲሙን አየ፤ በርሜሉን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተንበረከከና የበርሜሉን ቡሽ ነቀለው።

ውኃው ተንዶለዶለ። ወለሉን የለሰነው እሱ ነው፤ ዝናብ እንዳያቁር ብሎ ወደ ቦዩ ተዳፋት ያደረገውም እሱ ነው። ሲኮራበት የኖረው ሥራው ዛሬ ውኃውን ለአንዲት አፍታ እንኳ አልያዘለትም። እየዳኸ ደርሶ መዳፉን ቦዩ አፍ ላይ ደፋ። ውኃው በጣቶቹ መካከል እየሾለከ ሄደ። ልጁ «ተው» አላለችውም። አጠገቡ እርጥቡ ላይ ተቀምጣ፣ የመጨረሻው ጠብታ እስኪወርድ ትከሻውን ይዛ ቆየች።

በርሜሉን አጥበው አዲስ ውኃ በጠበጡ። ለሰላጣውና ለቲማቲሙ ግን ረፍዶ ነበር፤ በሳምንቱ ሁሉንም ነቅለው ጣሏቸው። የተረፈው የመጨረሻው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ናና ብቻ ነው።

ልጅቱ እንደገና የመጣች ጊዜ ሰገነቱ ላይ ሆና ተጣራች። «አባዬ፣ ና እይ! ናናው አቆጠቆጠ!»

ወጣ። ከተለበለቡት ቅጠሎች መካከል ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ቅጠል ብቅ ብላለች። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ለረጅም ጊዜ አያት። ልጁ ደስ እንዲለው እየጠበቀች ነበር።

«ይቺን እኮ እናትሽ አታውቃትም» አለ።