ስም ያልተጻፈበት ልኬት

ክለቡ ለሰባተኛ ጊዜ በተከታታይ ተሸንፎ አሰልጣኙ በተባረረበት ሳምንት፣ ከስታዲየሙ ጀርባ ባለችው የልብስ ሰፊው ሱቅ ውስጥ ማንም አልጮኸም። በሦስተኛው ሽንፈት ጮኸው ነበር። በአራተኛው ተሳደቡ። በአምስተኛው ጋጋሪው ማልያውን አውልቆ የሊጥ ጠረጴዛውን ወለወለበት። ከዚያ ወዲህ ግን ጥርስ ለማስነቀል ድዱን እንደተወጋ ሰው ሆኑ፤ ጉንጫቸውን ቢቆነጥጧቸው "የማን ጉንጭ ነው?" የሚሉ ይመስላሉ። የቀረቻቸው ወሬ አንዲት ብቻ ነበረች፦ ቀጣዩ አሰልጣኝ ማነው? እሷንም ቢሆን የሚያወሯት አፋቸው ሥራ እንዳይፈታ ብለው ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ቋሚ ደንበኞች አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ደንበኛ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ሁለቱም ዘንድሮ አንዲት ቁልፍ አላስተከሉም። አንደኛው ጋጋሪው ነው። ሁለተኛው ጡረታ የወጣ ፖስታ አዳይ ሲሆን "ሬዲዮ" ይሉታል፤ መክፈቻ እንጂ መዝጊያ ስላልተሠራለት።

"ወገቡን ብቻ ንገረን፣" አለ ሬዲዮ። "ስም አልጠየቅንህም። ወገብም ሚስጥር ሆነ እንዴ?"

ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል "የሰው ወገብ ነው፣" አለ።

"ወፍራም ከሆነ ያ ዋንጫ ያመጣልን ሰውዬ ተመልሷል ማለት ነው። ቀጭን ከሆነ ደግሞ ባለመነጽሩ ነው፣ ያ ተከላካይ የማይወደው።"

"ያንን ከሚያመጡብን የኔን የሊጥ ማሽን ቢቀጥሩ ይሻላል፣" አለ ጋጋሪው። "እሷ ቢያንስ ሰዓቷን ጠብቃ ትዞራለች።"

"ለረዳቱ ይሰጡት ይሆን እንዴ?"

"የቱ ረዳት? የልምምድ ኮን ለቃሚው? ተው ባክህ! እሱ ልምምድ ሲያልቅ ሜዳው ላይ ምን እንደቀረ ነው የሚያውቀው እንጂ..." ጋጋሪው እዚህ ላይ ሲደርስ ሬዲዮ በክርኑ ጎሸመው። ጋጋሪው ሰፊውን አየ፣ ከዚያ ጫማውን አየ። "ይቅርታ ወንድሜ። ወንድምህ መሆኑ ከአእምሮዬ ወጥቶ ነው።"

"ግድ የለም፣" አለ ሰፊው። እውነትም ግድ የሰጠው አይመስልም ነበር። ፊቱ እንደተተኮሰ ጨርቅ ነው፤ አንድ መስመር የለበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የክለቡን ቱታ የሚሰፋው እሱ ነው። አዲስ አሰልጣኝ ሊመጣ ሲል መጀመሪያ ልኬቱ ብቻ በቁራጭ ወረቀት ይላክለታል፤ ስም የለበትም። ቱታው ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ፣ ዜናው ሊነገር አንድ ቀን ሲቀረው፣ ደረቱ ላይ የሚጠለፈው ጽሑፍ በሌላ ወረቀት ይከተላል። ይህ ሥርዓት የመጣው አንድ ጊዜ ስሙ ቀድሞ ከዚችው ሱቅ ስለሾለከ ነው። ማን እንዳሾለከው ሬዲዮን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ራሱ ይነግራችኋል።

የዚህኛው ልኬት የመጣው ሰኞ ነበር። ደረት መቶ ሁለት፣ ወገብ ዘጠና ስድስት፣ የግራ እግር ቁመት መቶ አራት፣ የቀኝ እግር መቶ ሁለት። ሰፊው ቀኝ እግር ላይ ሲደርስ እርሳሱን አስቀመጠ። ቀኝ እግሩ በሁለት ሴንቲ የሚያጥር አንድ ሰው ያውቃል፤ ለሃያ ዓመት ሱሪውን ሲያሳጥርለት ኖሯል። ታላቅ ወንድሙ በተጫዋችነቱ ዘመን እዚያው ስታዲየም ውስጥ እግሩ ተሰብሮ ሲጠገን አጥሮ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ በዘጠኝ ዋና አሰልጣኞች ሥር ረዳት ሆኗል። አንዱ በተባረረ ቁጥር "አሁንስ ያንተ ተራ ነው" ይሉታል፣ እሱም በተባለ ቁጥር ጺሙን ይላጫል፣ በማግስቱም ሌላ ሰው ይመጣል።

በዓመቱ አጋማሽ ላይ አዲስ ቱታ የሚሰፋው ደግሞ ለዋና አሰልጣኝ ብቻ ነው። ረዳት የሆነ ሰው እስከሚቀጥለው ዓመት በአሮጌው ይቆያል። ሰፊው ይህንን እንደ ስሙ ያውቃል።

ደስ ሊለው ሞከረ። ደስታው ግን ተቀምጠውበት እንደደነዘዘ እግር ሆነበት፤ አለ፣ ግን አይረገጥም። ዝም ብሎ ጨርቁን ቆረጠ። ማክሰኞ ጠዋት ግን ዝም ማለት አልቻለም፤ ምክንያቱም ሩቅ ከተማ ያለ አንድ ትንሽ ክለብ ወንድሙን በዋና አሰልጣኝነት ጠይቆት፣ እስከ ረቡዕ ቀትር መልስ እንዲሰጥ ነግሮት ነበር። ወንድሙም እሺ ሊል ሻንጣ እስከመዋስ ደርሷል።

"ወንድም ጋሼ፣ ልኬት መጥቷል፣" አለው በስልክ።

"የማን?"

"ቀኝ እግሩ ሁለት ሴንቲ ያጥራል።"

 ወንድሙ "እርግጠኛ ነህ?" አለ።

"ያንተን እግርማ ከራሴ እግር በላይ አውቀዋለሁ።"

"ለእማማ እንዳትነግራት፣" ብሎ ዘጋው፤ አላስችል ብሎት ራሱ ነገራት። ረቡዕ ቀትር ሳይደርስ ደግሞ ለትንሹ ክለብ ደውሎ "አመሰግናለሁ፣ አልመጣም" አለ።

እና ሐሙስ ነው። ቱታው አልቆ መስቀያው ላይ ተንጠልጥሏል፣ በላዩ አሮጌ አንሶላ ተጥሎበታል። ሁለቱ ደንበኞች አንሶላውን በዓይናቸው ሊገፍፉት ይሞክራሉ።

የክለቡ የንብረት ክፍል ኃላፊ፣ ቁልፎቿ ከእሷ ቀድመው የሚሰሙት ሴትዮ፣ የታጠፈ ወረቀት ይዛ ገባች። "ዛሬውኑ ይጠለፍ፣" አለችና ሰጠችው። ሰፊው ወረቀቱን ለሬዲዮ ጀርባውን ሰጥቶ ከፈተው። ማሽኑ ላይ ወርቃማውን ክር አስገብቶ የጠበቀው ለሰባት ፊደል ነበር፦ ዋና አሰልጣኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው አሥራ አራት ነው፦ የታዳጊዎች ረዳት አሰልጣኝ።

ሴትዮዋን በር ድረስ ሸኛትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የዋናው ቱታስ?" አላት።

"እሱማ ከነረዳቶቹ፣ ከነቱታው ነው የሚመጣው። የራሱ ሰፊ አለው አሉ። ይኼኛው ወደ ልጆቹ ስለተዛወረ ነው አዲስ የተሰፋለት።" ፊቱን አይታ "ምነው፣ የኛ ሥራ ቀረብኝ ብለህ ነው? አይዞህ፣ የልጆቹ ቡድን ማልያ አለልህ፣" አለችና ቁልፎቿን እያንቀጫቀጨች ሄደች።

ተመልሶ ማሽኑ ላይ ተቀመጠ። አላለቀሰም፣ አልተናደደም። መቀስ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። ሬዲዮ አፉን ከፈተ፤ ምን እንደነካው እንጃ፣ መልሶ ዘጋው። በሕይወቱ የመጀመሪያ ጊዜው ሳይሆን አይቀርም።

ብዙም ሳይቆይ ወንድሙ ገባ። ጺሙን ተላጭቷል። "ልለካው መጣሁ፣" አለ፤ ሌላ ሰላምታ አልነበረውም። ሰፊው አንሶላውን ገፎ ቱታውን ሰጠው። መጋረጃው ጀርባ ገብቶ ለብሶ ወጣ። ልክክ ብሎበታል። ትከሻው አልተጨማደደም፣ ሁለቱ እግሮች ጫማው ላይ እኩል አርፈዋል።

ጋጋሪው ከመቀመጫው ብድግ አለ። "አንተ! አንተ ነህ እንዴ?" አለ፤ ወዲያው ራሱን አረመ። "ማለቴ እርስዎ ነዎት እንዴ? አሰልጣኝ! እንኳን ደስ ያለዎት!"

"እኔ እኮ ከመጀመሪያው ብያለሁ!" አለ ሬዲዮ፤ ምንም አላለም ነበር። የወንድምየውን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ይነቀንቃል። "የገዛ ልጃችን! ያ ግራ መስመር ተከላካዩን ግን አሰናብቱልን፣ በሞቴ!"

ወንድምየው እጁን አልነጠቀም። ሲነቀነቅ ተነቀነቀ። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ካለው መስታወት ላይ ነበር፣ ራሱን ግን የሚያይ አይመስልም።

"እሱ አይደለም፣" አለ ሰፊው።

ሁለቱ ዞሩ።

"የታዳጊዎች ረዳት ነው የተባለው። ዋናው ሌላ ሰው ነው፣ የራሱን ቱታ ለብሶ ይመጣል። ልኬቱን ሳይ እኔም እንደ እናንተ ነው ያሰብኩት። አስቤም ዝም አላልኩም፤ ደውዬ ነገርኩት። በኔ አፍ የተነሳ የሌላ ክለብ ዋና አሰልጣኝነት እምቢ አለ።"

 ሬዲዮ የያዘውን እጅ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት ቀስ ብሎ ወደ ባለቤቱ ጎን መለሰው።

"ደውልላቸው፣" አለ ሰፊው። "ወንድም ጋሼ፣ አሁን ደውልላቸው።"

"ጠዋት ክለቡ ወደ ልጆቹ መዛወሬን እንደነገረኝ ደወልኩላቸው። ትናንት ከሰዓት ሌላ ሰው አስፈርመዋል።"

"በኔ ጥፋት ነው።"

"የለካኸው ትክክል ነው፣" አለ ወንድሙ። ድምፁ የአየር ሁኔታ እንደሚያነብ ሰው ነበር። "እግሩ የኔ ነው። ያላወቅከው ወዴት እንደሚሄድ ነው።"

ጃኬቱን አውልቆ ማሽኑ ላይ አስቀመጠለት። ሰፊው "ተወው፣ ነገ እጠልፈዋለሁ፣" አለ።

"ነገ ጠዋት ልምምድ አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ናቸው፣ ቀድመው ነው የሚመጡት። እጠብቅሃለሁ።"

አግዳሚው ወንበር ላይ፣ በጋጋሪውና በሬዲዮ መካከል ተቀመጠ። ሁለቱም ቦታ ለቀቁለት፤ ከሚገባው በላይ ለቀቁለት። ሦስቱም በሩ ላይ አፈጠጡ። ከዚያ ወንድምየው "እናንተስ ማን የሚመጣ ይመስላችኋል?" አለ።

ሬዲዮ ጉሮሮውን ጠረገ። መጀመሪያ ፈራ ተባ እያለ፣ በኋላ እንደ ልማዱ፣ ስለ ባለመነጽሩ ማስረዳት ጀመረ። ወንድምየው ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠው።

ሰፊው ወርቃማውን ክር አወጣና ነጩን አስገባ። ደረቱን በጠመኔ አሰመረ፤ ጽሑፉ ስለረዘመ በሁለት መስመር ከፈለው። ከዚያ መርፌውን ዝቅ አድርጎ ከመጀመሪያው ፊደል ጀመረ።