ለውሻ ነው

ሙሉመቤት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ የአብዶ ሥጋ ቤት ሰልፍ ውስጥ እንደቆመች፣ ከመንገዱ ማዶ የምታውቀው ድምፅ ጠራት።

«አንቺ ሙሉመቤት! ምነው ልጄ፣ በሁዳዴ?»

እትዬ ገዲሴ ነበሩ፤ የጽዋ ማኅበራቸው ሰብሳቢ።

«ለውሻ ነው እትዬ ገዲሴ! ለውሻ ነው!»

ሰልፈኛው በሙሉ ዞሮ አያት። በሁዳዴ ሥጋ ቤት ደጃፍ ላይ የተያዘ ክርስቲያን ሁሉ ይህንኑ ነው የሚለው፤ የሚያምነው ግን የለም። እትዬ ገዲሴም አላመኑም። «እሺ፣ ለውሻሽ ሰላም በይልኝ» ብለው ፈገግ እያሉ መንገዳቸውን ቀጠሉ። የሙሉመቤት ፊት ጋለ። በልታ ብትታማ ባልከፋት፤ ሳትበላ መታማቷ ነው ያንገበገባት።

ረመዳንም ስለሆነ አብዶ የሚከፍተው ከቀትር በኋላ ነው። ሙሉመቤት የምትሠራው ብስራተ ገብርኤል አጠገብ ካለ ላውንደሪ፣ ካውያ ላይ ነው። የምሳ ሰዓቷን ይዛ በታክሲ ላፍቶ ድረስ የመጣችው ለዚህ ነው። ተራዋ ሲደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«አብዶ፣ አጥንትም ቁርጥራጭም ካለ...»

«አለ። ስንት ኪሎ?»

«በኪሎ ሆነ እንዴ? አምና እኮ እንዲሁ ነበር የምትሰጠኝ።»

«አምና ማን ውሻ ነበረው እህቴ? ዘንድሮ ኮንዶሚኒየሙ ሁሉ ውሻ አሳዳጊ ሆኗል። ያኛው ባለ ሥጋ ቤት፣ ጸጋአብም ለጾሙ ዘግቷል፤ የሱ ደንበኛ ሁሉ እኔ ላይ ነው የወረደው። ከሥጋው ይልቅ ቁርጥራጩ ነው ቶሎ የሚያልቅብኝ» አለ አብዶ፤ ሲናገር ግን ያፈረ ይመስል ነበር። ዋጋውን ነገራት። ሙሉመቤት ግማሽ ኪሎ እንዲመዝንላት ጠየቀችው።

እኛ ዘንድ ውሻ በጀት የለውም። የሚበላው ከሰው የተረፈውን ነው፤ ካልተረፈም ሲተርፍ ይበላል። የነሙሉመቤት ውሻ መከታም ስምንት ዓመት ሙሉ የኖረው እንዲሁ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ሀኒፋ በር ይዞራል፤ ረመዳን ሲገባ ደግሞ ወደነሙሉመቤት። ዘንድሮ ግን ሁለቱ ጾሞች ባንድ ሳምንት ገቡና ውሻው መሄጃ አጣ። ሀኒፋ ለማፍጠሪያ የምትሠራው በልክ ስለሆነ የሾርባ ድስቷ ታጥቦ ነው የሚያድረው። የሙሉመቤት ሽሮ ደግሞ እንኳን ለውሻ ለሰውም አይተርፍም። ባለፈው ወር መከታን እከክ ይዞት የእንስሳት ሐኪም አንድ መርፌ ወጋውና፣ የጠየቃት ሂሳብ ለአባቷ የስኳር ክትትል ከምትከፍለው በለጠ። ያኔ ነው ኑረዲን ያላት ትዝ ያላት። ኑረዲን ከሰፈሩ ጫፍ ብሎኬት ያመርታል፤ ሲሚንቶ እየተሰረቀበት ስለተቸገረ መከታን እንድትሰጠው ደጋግሞ ጠይቋታል። እሷም ደጋግማ እንቢ ብላዋለች።

እንቢ ያለችው ለአባቷ ስትል ነው። አቶ ቸኮል ነፋስ ስልክ ካለ መጋዘን ሃያ ምናምን ዓመት የሌሊት ዘበኛ ሆነው ሠርተዋል። መጋዘኑ ሲዘጋ ከዚያ ሁሉ ዓመት የተረፋቸው ካፖርታቸው ውስጥ ይዘውት የመጡት ይህ ውሻ ብቻ ነው። አሁን ስኳር ይዟቸዋል፤ እግራቸውም እንደልብ አያስኬዳቸውም። ሙሉመቤት ሥራ ውላ እስክትመለስ የሚያወሩት ከመከታ ጋር ነው።

አብዶ ቁርጥራጩን በፌስታል ጠቅልሎ ሲያቀብላት ስልኳ ጮኸ። ሀኒፋ ነበረች።

«ሙሉዬ፣ ካለሽበት ቶሎ ነይ። ጋሽ ቸኮል ወድቀዋል።»

ባጃጅ ውስጥ እንዴት እንደገባች አታውቅም። ግቢው ስትደርስ አባቷ ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል። ሀኒፋ ተንበርክካ የስኳር ውሃ በብርጭቆ ታጠጣቸዋለች። መከታ አገጩን እግራቸው ላይ ጥሎ ተኝቷል።

«አይዞሽ፣ ተመልሰዋል» አለች ሀኒፋ። «ስኳሩ ወርዶ ነው። እናቴንም እንዲህ ያደርጋት ነበር።»

«አባባ፣ ታውቀኛለህ?»

«ምን አይነት ጥያቄ ነው» አሉ አቶ ቸኮል በተሳሰረ አንደበት። «ሥራሽን ጥለሽ መጣሽ?»

ደግፈው አልጋቸው ላይ አስተኟቸው። ከዚያ ሀኒፋ ሙሉመቤትን በክንዷ ይዛ ወደ ውጭ ወሰደቻት።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትቀየሚኝ። ጠዋት ጠዋት ቁርሳቸውን የሚበላው ውሻው ነው።»

«ምን?»

«በመስኮት አያቸዋለሁ። አንቺ ገና ከበር እንደወጣሽ እንቁላሉን እየላጡ ያጎርሱታል። ወተቱንም ጣሳው ውስጥ ይገለብጡለታል። ወላሂ፣ የምታውቂ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ሙሉመቤት የያዘችው ፌስታል ከበዳት። የአባቷ ሐኪም የኢንሱሊን መርፌው ከተወጋ በኋላ ምግብ ካልተከተለ ሰውየው ተኝቶ ላይነሳ ይችላል ብሎ በደንብ አድርጎ ነግሯታል። የንስሐ አባታቸውም ቤት ድረስ መጥተው «ለእርስዎ መድኃኒት ነው፤ ይብሉ» ብለው ፈቅደዋል። እሷ ከራሷ እየቀነሰች ነው እንቁላሉን የምትገዛው። በየማለዳው ሁለት ቀቅላ፣ ልጣጩ እስኪቀዘቅዝ እንኳ ሳትጠብቅ ወደ ሥራ ትሮጣለች። ማታ ስትመለስ ባዶውን ሳህን አይታ እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች። ሳህኑ ባዶ መሆኑን እንጂ ማን ባዶ እንዳደረገው ጠይቃ አታውቅም። በአባቷ ተናደደች፤ በራሷም ተናደደች። ከሁለቱም ይልቅ ግን ፈራች።

እዚያው ቆማ ለኑረዲን ደወለች።

ወደ ውስጥ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አባባ፣ እንቁላሉን ለምን ሰጠኸው?»

አቶ ቸኮል ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ርቦት ያየኛላ። ሲያየኝ እንዴት ልዋጠው?»

«አንተ ሞተህ እሱ ሊጠግብ ነው?»

አቶ ቸኮል ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡ።

«ከዚህ በኋላ አልችልም። አቅሜን ታውቀዋለህ። ኑረዲን ሊወስደው እየመጣ ነው።»

ይጮኹብኛል ብላ ነበር። ቢጮኹባት ይሻላት ነበር። ሽማግሌው ከግድግዳው ሳይዞሩ «ገመዱ ከአልጋው ሥር ነው» አሉ።

ኑረዲን ከማፍጠሪያው ቀደም ብሎ በፒካፑ መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገብቶ አቶ ቸኮልን ጠየቃቸው። «ጋሽዬ፣ አይስጉ። ሠራተኞቼ ቀን ቀን ምግብ ያበስላሉ፤ ከጾሙ በኋላ ደግሞ ትርፍራፊ አይጠፋም። ቤትም እሠራለታለሁ።»

«ቀን አትሰረው» አሉ አቶ ቸኮል። «ቀን የታሰረ ውሻ ሌሊት አይጠብቅም። አንዱ ጆሮው በደንብ አይሰማም፤ ስትጠራው በቀኙ በኩል ሁን።»

«እሺ ጋሽዬ።»

ገመዱን አንገቱ ላይ ያሰሩት ራሳቸው ናቸው። መከታ እስከ በሩ ድረስ በደስታ ተከተለ፤ ከጌታው ጋር የሚወጣ መስሎታል። ጌታው በሩ ጋ እንደቆሙ ሲያይ ግን አራት እግሩን ተክሎ እንቢ አለ። ኑረዲን ሳበው፤ ውሻው መሬት ላይ ተኛ። በመጨረሻ አቅፎ ነው ፒካፑ ላይ የጫነው። መኪናው ኮብልስቶኑን ጨርሶ እስኪታጠፍ መከታ አልጮኸም። ሙሉመቤት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። አቶ ቸኮል ግድግዳውን ይዘው ገቡ።

ያን ማታ ሽሮ በልተው ተኙ። ሙሉመቤት ልቧ ቢያዝንም አንድ ነገር አስታገሳት፤ ከእንግዲህ እንቁላሉ አባቷ ሆድ ውስጥ ይገባል። በግርግሩ ለመከታ ሳትሰጠው የቀረችውን ፌስታል ለሌላ ሰው ውሻ ሰጠችው።

በማግሥቱ ጠዋት አቶ ቸኮል መርፌያቸውን ሆዳቸው ላይ ወጉ። ሙሉመቤት ሁለት እንቁላል፣ ዳቦና አንድ ብርጭቆ ወተት ፊታቸው አስቀመጠች።

«ብላ እንግዲህ አባባ።»

«ይቀዝቅዝልኝ። አንቺ ሂጂ፤ ትናንትም ከሥራ ቀርተሻል።»

ወጣች። የላውንደሪው ባለቤት ፊሊጶስ ትናንት ሳትመለስ በመቅረቷ በስልክ ተቆጥቷታል፤ ዛሬ ብታረፍድ ምን እንደሚል ታውቃለች። ግን እግሯ ከግቢው በር አላልፍ አላት። የሀኒፋ ልብስ ማስጫ ሥር ቆማ የታክሲ ሰዓቷ ሲያልፍ እያየች ጠበቀች።

ጥቂት ቆይቶ አቶ ቸኮል ግድግዳውን እየተደገፉ ወጡ። በእጃቸው የተላጠ እንቁላል ይዘዋል። ቀስ እያሉ ውሻው ይተኛበት የነበረው ጥግ ድረስ ሄዱና ከባዶው ጣሳ አጠገብ ቆሙ። እንቁላሉን እያዩ፣ ጣሳውን እያዩ፣ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ቆሙ።

«አባባ!»

ደነገጡ። እንቁላሉን ሊደብቁ እጃቸውን ወደ ኋላ አዞሩ፤ እንደ ሕፃን።

«መከታ ሄዷል እኮ! ለማን ልትሰጠው ነው?»

«እኔም እሱን ነው የማስበው» አሉ አቶ ቸኮል። «አሁን ማን ይብላልኝ?»

ሙሉመቤት ያኔ ገባት። ውሻው ርቦት ነበር፤ እሱ እውነት ነው። ግን ባይርበውም ይሰጡት ነበር።

«አንተ... እየጾምክ ነው?»

«ሰባት ዓመቴ ላይ ነው የጀመርኩት። አንድ ሁዳዴ አላለፈኝም። ዘበኛ ሆኜ፣ ሌሊት በብርድ ስንቀጠቀጥ፣ አላለፈኝም። አሁን ልሞት ደጃፉ ላይ ቆሜ በጠዋት እንቁላል ልዋጥ?»

«አባ ፈቅደውልሃል እኮ!»

«አባ ፈቀዱ። ጉሮሮዬ አልፈቀደም።» ወደ ጣሳው አዩ። «እሱ ሲበላው ደግ ነበር። አንቺ በልቷል ብለሽ ትሄጃለሽ፤ ገንዘብሽ መሬት አይወድቅም፤ እሱም ይጠግባል፤ እኔም ጾሜን እውላለሁ። ማንንም አልጎዳሁም።»

«ራስህን!»

«እሱ የኔ ነው።»

ሙሉመቤት ውሻውን ለምን እንደሰጠች አሰበች፤ በከንቱ ነው የሰጠችው። ብትመልሰው ቁርሱን እሱ ይበላዋል፤ ባትመልሰው ቁርሱ ጓሮ ይጣላል። ቤት ቁጭ ብላ ብትጠብቃቸው እንቁላሉን በምን ትገዛዋለች? ሥራ ብትሄድ ማን ያጎርሳቸዋል? መርፌው ደግሞ ገብቷል፤ የሚጠብቀው ሰው የለም። ግንባራቸው ላይ ላቡ ችፍ ማለት ጀምሯል።

«አባባ፣ በመድኃኔዓለም ይዤሃለሁ፤ ብላ።»

«አይሆንልኝም ልጄ። ብዙ ሞክሬያለሁ። አይወርድልኝም።»

እጃቸውን ይዛ እንቁላሉን ተቀበለቻቸው። ትልቁን ግማሽ አፏ ውስጥ አስገባችና ማኘክ ጀመረች።

አቶ ቸኮል የሚያዩትን አላመኑም። «ሙሉ! ምን ነካሽ? ጾም ነው እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ትፊው! ከጠዋቱ... አንቺ ልጅ፣ ትፊው እላለሁ!»

አልተፋችውም። እንቁላሉ አፏ ውስጥ አመድ አመድ አላት፤ እንባዋ ጨው ጨመረበት። ዋጠችና ቀሪውን ግማሽ ደገመች። ከዚያ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ቤት አስገባቻቸው፤ ሳህኑ ፊት አስቀመጠቻቸው፤ እሷም ከጎናቸው ተቀመጠች።

«አንተ ያልበላኸውን እኔ ነኝ የምበላው። ዛሬም፣ ነገም፣ እስከ ፋሲካ። መጾም ከፈለግክ ጹም፤ እኔ ግን ያንተን ቁርስ እየበላሁ እከርማለሁ።»

ሁለተኛውን እንቁላል አንስታ ልጣጩን ሰነጠቀች።

«ተይ» አሉ አቶ ቸኮል።

አልተወችም። ልጣ ጨርሳ ወደ አፏ ስታስጠጋ የአባቷ እጅ የእጇን አንጓ ያዘ። የሌሊት ዘበኛ እጅ ነው፤ ጥንካሬው ገና አልለቀቀውም። እንቁላሉን ከጣቶቿ መሃል አወጡት። ከዚያ በዝግታ አማተቡና ጥቂት ገመጡ። ሲውጡ አይናቸውን ጨፈኑ። ከሽበታሙ ሪዛቸው ላይ እንባ ወርዶ ዳቦው ላይ ጠብ አለ።

ወተቱን አቀበለቻቸው፤ ጠጡ። ላቡ ቀስ በቀስ ደረቀ። ሁለቱም የሚተያዩበት ፊት አልነበራቸውም።

ስልኳ ጠራ፤ ፊሊጶስ ነው። አላነሳችውም። ለንስሐ አባቷ ምን ብላ እንደምትናገር አሰበች፤ የሚባል ነገር አላገኘችም። ነገም እሷ አብራ ካልበላች አባቷ ብቻቸውን እንደማይበሉ ታውቃለች። ሌላ መንገድ ቢኖር ትፈልገው ነበር፤ ግን አልታያትም። ተነሥታ ቅርጫቱ ውስጥ የቀሩትን እንቁላሎች አየች። ከነገ ጀምሮ ሦስት ትቀቅላለች።